ሞራው ከተገፈፈ በኋላ

በእኛ በፎገራ አንድ አባት የዓይን ሞራቸው ተገፍፎላቸው ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለብርሃን አበቃዎ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይናቸው የሚጠይቅ የለም። ዓመታት አልፈው «ዓይኔ ደከመብኝ» ሲሉም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አለዚያ «ቀዶ ጥገናው አበላሽቷቸው ነው» ይባላል።

ድካሙ ቀላል አይደለም። ሩዝ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ አረሙ ገና ለጋ ሳለ ከሩዙ ጋር ይመሳሰላል። ዓይኑ ጥርት አድርጎ የማያይ ገበሬ ሩዙን ነቅሎ አረሙን ይተዋል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት አስቲግማቲዝም ነው። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊት መስታወት ቁልመማው ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን እኩል ካልሆነ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም። በገጠር ዘመቻዎች የተለመደው ቀዶ ጥገና ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስፌት የሚዘጋ ቀዳዳ ይከፍታል። ቀዳዳው ከላይ በኩል ከሆነ ሲድን የላይና ታቹን ቁልመማ ያላላዋል። ዕድሜም በራሱ ኮርኒያን ወደዚያው አቅጣጫ ቀስ እያለ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ይደማመራሉ። በጆሮ በኩል ያለው ቀዳዳ ግን ዕድሜን ይቃረናል። ለብዙ አረጋውያን እሱ የተሻለ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የጃፓን ሐኪሞች (ሃያሺና ባልደረቦቹ) እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ያለ ስፌት የተሠሩና ጭራሽ ያልተሠሩ ዓይኖችን ለ10 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ የሁለቱም ኮርኒያ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲለወጥ አግኝተዋል። እንግዲህ በዓመታት ለሚመጣው ለውጥ ቀዶ ጥገናውን መውቀስ ልክ አይደለም። በሞራው ምትክ የገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ባለበት ይቆያል፤ ኮርኒያው ግን ከሰውየው ጋር ያረጃል።

ፎገራ ባለበት በደቡብ ጎንደር ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ኮርኒያን እየፋቀ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው የሚያመጣውን የተዘበራረቀ አስቲግማቲዝም ተራ መነጽር በደንብ አያርመውም። ስለዚህ ሽፋሽፍቱ መታከም ያለበት ከሞራው በፊት ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሹም ምክንያት ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ የሚገፍፉ ዘመቻዎች ባይኖሩ ስንቱ ቤት ይጨልም ነበር! ሆኖም የተሠሩ ዓይኖችን ቆጥሮ መሄድ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሲስማሙ ግባቸው የቀዶ ጥገናው ሽፋን ብቻ ሳይሆን ውጤቱም እንዲለካ ነበር፤ ለመነጽርም ለብቻው ግብ አስቀምጠዋል። በከተማችን በወረታ መንገድ የሚያልፍ ዘመቻ ሁሉ የመነጽር ልኬትን የሥራው አካል ማድረግ አለበት።

ቤታችሁ ሞራ የተገፈፈላቸው እናት ወይም አባት ካሉ ቁስሉ እንደጸና፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን፣ ለመነጽር አስለኳቸው። ከዚያም በየጊዜው ወደ ዓይን ሕክምና መልሳችሁ ውሰዷቸው። ብዥታው አስቲግማቲዝም ላይሆን ይችላል፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ወይም ግላኮማ ገብቶም ሊሆን ስለሚችል መመርመር የግድ ነው። ገበያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውን የንባብ መነጽር ገዝታችሁ አትመለሱ፤ እሱ አስቲግማቲዝምን አያርምም። የሩዙ አጨዳ እንዳለቀ ወደ ዓይን ሕክምና ይዛችኋቸው ሂዱ።