«መብራት የለም» ብሎ መኪና መክፈት

ሰቃ ስትባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቡናን ነው። እውነትም ነው፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ቡናውንና የቡናውን ጥላ ዛፍ ሲያይ ሰቃ ይደርሳል። ነገር ግን የቡና መፈልፈያው ሲሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል? የመጋዘኑን የብረት በር ማን ይሠራዋል? በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚበይደውን ሰው ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እኔ ልብ ያልኩት አጎቴ በያጅ ስለ ሆነና በየዕረፍቱ ከእሱ ዘንድ ስለምሠራ ነው።

አጎቴ ለብዙ ዓመታት የሠራው በኤሌክትሮድ ነበር። አሁን ግን ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚያቀርብ የብየዳ መኪና ገዝቷል። የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም። በመኪናው ሆድ ውስጥ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሁለት ትንንሽ ሮለሮች ቆንጥጠው በረዥሙ ገመድ ውስጥ እስከ ሽጉጡ ጫፍ ይገፉታል። በያጁ ምላጩን ሲስብ ሽቦው ይወጣል፣ ኤሌክትሪኩ ያቀልጠዋል፣ ከሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ደግሞ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጋርደዋል። ዘዴው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ ለአሉሚኒየም የወጣ ነው፤ በየጋራዡ ሊገባ የቻለው ግን በ1950ዎቹ ርካሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለተራ ብረት ከዋለ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል። ስለዚህ በኅዳር ወር መፈልፈያ የተሰበረበት ሰው ወርክሾፕ ሲመጣ «ነገ» የሚባል ቃል አይሰማም። መብራት ደግሞ በዚያው ሰዓት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ በያጅ ምን ያደርጋል? ወይ ሻይ ይጠጣል፣ ወይ «ጊዜው በከንቱ አይለፍ» ብሎ መኪናውን ከፍቶ ማጽዳት ይጀምራል። ሻይ የጠጣው ይሻላል።

ባለፈው ኅዳር የአጎቴ ተለማማጅ ክዳኑን ፈትቶ በብሩሽ አቧራ ሲጠርግ መብራቱ ድንገት መጣ። ማራገቢያው ተነሥቶ የብሩሹን እንጨት መታው፤ ልጁም እጁን መንጭቆ አወጣ። «ጋሼ፣ መብራት የለም ብዬ እኮ ነው!» አለ እየተንቀጠቀጠ። አጎቴ አልተቆጣም። ብሩሹን አንሥቶ አየው፤ ከዚያም ሥራውን ሁሉ አስቁሞ በግድግዳው ላይ፣ ከሁሉ ዓይን ፊት፣ ትልቅ ሚስማር መታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናው ስፒና ተነቅሎ ሚስማሩ ላይ ሳይሰቀል ክዳኑ አይፈታም። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ማጥፊያው ቢጠፋም ኤሌክትሪኩ እስከ ማጥፊያው ድረስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቆሟልና።

ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሌላ ነገር አለ። ኢንቨርተር በሚሉት ዓይነት መኪና ውስጥ እንደ ጣሳ የቆሙ ካፓሲተሮች አሉ። የ220 ቮልቱ ኤሌክትሪክ ተቃንቶ ወደ እነርሱ ሲገባ 310 ቮልት ያህል ሆኖ ይጠራቀማል፤ መኪናው ከተነቀለ በኋላም ወዲያው አይወጣም። እኛ የካፓሲተርን ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፈናል! ግን ልጁ እጁን የሰደደው ከዚያ ቀመር አጠገብ መሆኑን ማን ነገረው? መመሪያው የሚያዘውን ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያም በቴስተር መለካት ነው። በካቻቢቴ አገናኝቶ «ማፈንዳት» የሚወዱ አሉ፤ እሳቱ ዓይን ያጠፋል፤ መኪናውንም ያበላሻል። እንደ እኔ ከሆነ በያጅ ካርዱንና ካፓሲተሩን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተው።

ለበያጁ የሚቀረው ሥራ ትንሽ አይደለም። የግራይንደር ብናኝ ብረት ስለ ሆነ፣ ከእርጥበት ጋር ውስጥ ሲከማች ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ በደረቅና ለስላሳ ነፋስ፣ ራቅ ብሎ፣ አፍንጫን ሸፍኖ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ማራገቢያውም እንዳይሽከረከር በእንጨት ይያዛል። በጅማ አገር የኮምፕሬሰሩን ውሃ ሳያፈስሱ መንፋት አቧራውን ጭቃ ማድረግ ነው። ሽቦውም ዝናብ ይጠላል፤ ማታ በላስቲክ ካልተጠቀለለ ይዝጋል፣ ዝገቱም የሚያልፍበትን ቱቦ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሰው ሮለሩን አጥብቆ ያስራል፤ ሽቦው ግን መሄጃ ሲያጣ በሮለሩ ሥር እንደ ተበላሸ ፈትል ይወሳሰባል። ጫፍ ላይ ያለችው የመዳብ ቀዳዳ ስትሰፋ መለወጥ፣ የአፉን ፍንጣሪ መጥረግ ይገባል፤ አፉ ሲዘጋ ጋዙ አይደርስምና ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። እንጀራ ላይ ያምራል፣ መፈልፈያ ላይ ግን ይሰነጠቃል።

አዲስ ሽቦ ሲገባ ሽጉጡን ወደ ፊትም ወደ መዳፍም ማዞር አይገባም፤ ሽቦው ሥጋ ይበሳል። ምላጩ በተሳበ ጊዜ ደግሞ ጥቅሉም ሮለሩም ኤሌክትሪክ ስላለባቸው ክዳኑ ተዘግቶ ይሠራል።

ስለ ወተትም አንድ ነገር ልበል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። በያጆቻችን ወተት ጠጥተው ይተኛሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ ግን አይሄድም። በር መክፈትና ዚንኩን ከመበየጃው ቦታ አስቀድሞ መፋቅ ይሻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ክፍል ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በሩ ለእርሱም ይከፈታል።

የአጎቴ መኪና መመሪያ የተጻፈው በቻይንኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ስለ ስፒናው፣ ስለ ካፓሲተሩና ስለ ሮለሩ ያለውን አውጥቼ በአንድ ገጽ በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፍኩለት፤ ከሚስማሩ ሥር ተለጥፏል። የኢንጂነሪንግ ጓደኞቼ ለየአገራቸው ወርክሾፕ እንዲህ ያለ ገጽ ቢጽፉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

የመሬት ሽቦው ግን ገና ነው። የወርክሾፑ ግድግዳ ሶኬት ሁለት ሽቦ ብቻ አለው፤ ሦስተኛው የሚያርፍበት የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አልተቀበረም። አጎቴ «ከመኸር በኋላ» ብሏል። ዘንጉን ከጅማ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ጉድጓዱን ተለማማጁ ሊቆፍር ቃል ገብቷል።