የፈላ ውሃ እስከ የት ያደርሰናል?



የተወለድኩት አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ብርዳማ የወገራ ከተማ። እናቴ ስለ አገራችን ውሃ ስታወራ «መፍላቱን ቶሎ ይፈላል፣ ማብሰሉን ግን አይችልበትም» ትላለች። በደጋ የባቄላ ንፍሮ ጥዶ የጠበቀ ሰው ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል።

የምትለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ባላት አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ 90 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እሳት ቢነድበት እንኳ ሙቀቱ አይጨምርም።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት ሳለሁ ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ትንሿ እህቴ ተቅማጥ እየተመላለሰባት ስለነበር፣ እናቴ የሚጠጣውን ውሃ ሁሉ አፍልታ ነበር የምትሰጣት። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ልጄ፣ የማፈላው እንዲያው እንጨቴን ለመጨረስ ነው?» አለችኝ።

አይደለም። ንፍሮ ለማብሰልና ጀርም ለመግደል የሚያስፈልገው ሙቀት የተለያየ ነው። ተቅማጥ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ አሜባና ጃርዲያ ውሃው ገና ሳይፈላ፣ 70 ዲግሪን ሲያልፍ ብዙም ሳይቆዩ መሞት ይጀምራሉ። ስለዚህ የእኛ 90 ዲግሪ ይበቃል። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው መንተክተኩ ራሱ ምልክት ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይቆይ ሲል ይመክራል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለነው ሁላችንም የሦስት ደቂቃ ሰዎች ነን።

ታዲያ ውሃው እየፈላ ልጅቷ ለምን ታመመች? ከድስቱ ተነስቼ ውሃው የሚሄድበትን ተከተልኩ። ከፈላ በኋላ ባልዲ ውስጥ ይገለበጣል፤ ባልዲው ክዳን የለውም። ጎረቤትም ልጅም በመጣ ቁጥር ኩባያ ከነእጁ ይጠልቅበታል። ማፍላት በዚያች ሰዓት ያለውን ጀርም ይገድላል እንጂ ኋላ ለሚገባው ዘብ አይቆምም። ክሎሪን ከማፍላት የሚሻለው በዚህ ነው፤ በልኩ ከተጨመረ ውሃው ውስጥ ቆይቶ ይጠብቀዋል።

መፍትሔውን ያገኘችው እናቴ ናት። «ለውዱእ እኮ ከማንቆርቆሪያ እናፈስሳለን እንጂ እጃችንን አንነክርም» አለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳይነክር፣ ዕቃም እንዲከደን፣ በመጠጫ ውስጥም እንዳይተነፈስ አስተምረዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈላው ውሃ በታጠበ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ተቀምጦ እየተንቆረቆረ ይቀዳል። የእህቴ ተቅማጥ ቀንሷል፣ አልሐምዱሊላህ። በዚህ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም።

ማፍላት ጭራሽ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ፣ የብዙ ሰው ጥርስ የበለዘው ከከርሰ ምድር ውሃ በሚመጣ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ፍሎራይድ በእንፋሎት አይወጣም፤ ሁለት ሊትር ውሃ ፈልቶ አንድ ሊትር ቢቀር መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚሰርገው ናይትሬትም እንደዚሁ ነው። እሱ ደግሞ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። ድፍርስ ውሃም ቢፈላ ድፍርስ ነው፤ አስቀድሞ እንዲጠል መተውና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። እንጨትና ኩበቱን የሚሸከመው፣ ጭሱን የሚስበው ማን እንደሆነም አንርሳ፦ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

በጠሃራ ትምህርታችን ውሃን በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው እንመዝናለን። ይህ ለውዱእ ነው። ጀርም ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሎራይድም አይታይም። ለውዱእ የበቃ ውሃ ሁሉ ለመጠጥ ይበቃል ማለት አይደለም።

ይህን የምጽፈው ረመዳንን እያሰብኩ ነው። በግቢያችን ውሃ ሲጠፋ በየአልጋው ሥር ጀሪካን ይደረደራል። በኢፍጣር ሰዓት ደግሞ መቶ ሰው አንድ በርሜል ከብቦ በሁለት ኩባያ ይጠጣል። የጀመዓችን የኢፍጣር ኮሚቴ ክዳንና ቧንቧ ያለው በርሜል ቢያዘጋጅ፣ ውሃውን በመመሪያው መሠረት በክሎሪን ቢያክም፣ እያንዳንዳችንም የየራሳችንን ኩባያ ይዘን ብንመጣ ወጪው ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ወንድማችን በመጀመሪያዋ ጉንጭ ውሃ መታመም የለበትም።

አላህ ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።