በስልክ ስለሚታከም ሰው ምሥጢር

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በሩቅ ያለ ሐኪም የአእምሮ ሕመምተኛን በስልክ ሲያነጋግር በሁለቱ መካከል ስለሚቆመው ሦስተኛ ሰው ጥቂት ልንገርህ። ያ ሦስተኛ ሰው ብዙ ጊዜ አንተ ነህና።

አማኑኤል ሆስፒታል በኢጣልያ ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፥ ለብዙ ዓመታት የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ዛሬ ይህ ሕክምና በሌሎችም ቦታዎች ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ከበደሳ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሕመምተኛ ጭሮ ከደረሰ በኋላ እንኳ ገና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። የመኪናው ዋጋ፥ የማደሪያው፥ የአስታማሚው የሥራ ቀን ሲደመር ለገበሬ ቤት ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ መርምሮ ያወቀው ሐኪም ክትትሉን በስልክ ቢቀጥልለት መልካም ነው እላለሁ፤ ገንዘብ አልቆ መድኃኒት ከሚቋረጥ ይሻላልና።

ነገር ግን ስልኩ መንገዱን ያሳጥራል እንጂ ለሕመምተኛው በሩ የሚዘጋ ክፍል አይሰጠውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዐረብ አገር ተመልሳ እንቅልፍ ያጣች የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። ሐኪሟ በደወለ ቀን አባቷ ሽማግሌ ይስማ ብሎ እኔንም ጠራኝ። ቡና ተፈላ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው በመካከላችን አኖሩት። ሐኪሙ «እዚያ ሳለሽ የደረሰብሽ ነገር አለ?» ቢላት አባቷን አየችና «ደኅና ነኝ» አለች። ሐኪሙ ብልህ ሰው ነበረና «ብቻሽን ነሽ? አዎ ወይም አይደለም ብቻ በዪኝ» አላት። «አይደለም» አለች። ይህን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ወንድሟ ስፒከሩን አጥፍቶ ስልኩን በእጇ ሰጣትና «አባባ፥ ከብቶቹን እንይ» ብሎ አባቱን ይዞ ወጣ። ሁላችንም ተከተልን። ምን እንደ ነገረችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ላውቅም አይገባኝም።

አባቷ ግን ውጭ ቆሞ «ሌሊት ሲብስባት የምጠብቃት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ምን ይደበቃል?» አለኝ። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕመምተኛ ራሱን ሊያጠፋ ቢነሣ በሩቅ ያለው ሐኪም እጁን ሊይዘው አይችልም። እንግዲያውስ ምሥጢሩ ለማን፥ በምን ሰዓት እንደሚገለጥ አስቀድሞ፥ ገና በመጀመሪያው ንግግር መወሰን አለበት፤ የሚጠራውንም ጎረቤት ወይም ዘመድ የሚመርጠው ሕመምተኛው ራሱ ይሁን። ይህን ሳይጠይቅ ሕክምና የሚጀምር ሐኪም ሥራውን በግማሽ እንደ ጀመረ ይቈጠራል።

ሌላው ጉዳይ ማስተርጐም ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው ሕመሙን የሚናገረው በኦሮምኛ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። አጎትህ «መኖር አስጠልቶኛል» ሲል አንተ አፍረህ «ጥቂት ደክሞታል» ብትል፥ ሐኪሙ የሚያክመው አጎትህን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያልተጻፈልህን ደብዳቤ መክፈት ከስርቆት ይቈጠር ነበር። በኋላም መምህር ሆኜ በበደሳ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደብዳቤ ሳነብ፥ ስንቱን የቤት ጉድ ሰምቼ ዋጥኩት! በ1886 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በተጀመረው መስመር ስልክ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህም፥ በቴሌፎን ቤት ተቀምጦ መስመር የሚያገናኘው ሠራተኛ ቢፈልግ የሰውን ወሬ ሁሉ መስማት ይችል ነበር።

የዛሬው ግን ከዚያ የሚለየው ቃሉ ተመዝግቦ መቅረቱ ነው። በፊንላንድ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር። ሌባ ከኮምፒዩተሩ ከ30,000 በላይ ሕሙማን ለሐኪሞቻቸው የነገሩትን ሰረቀ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. «ገንዘብ ካልከፈላችሁ ለሰው ሁሉ እገልጠዋለሁ» እያለ ለሕሙማኑ ይጽፍላቸው ጀመር። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና ነገር በተለይ ሊጠበቅ እንደሚገባው ይደነግጋል። አዋጁ ድርጅቶችን ይይዝ ይሆናል፤ የአጎትህ የሕክምና መልእክት ያለበትን ያንተን ስልክ ግን ማን ይጠብቀዋል? ስልኩን ለጥገና ወይም ለሽያጭ ከመስጠትህ በፊት፥ ሐኪሙ የጻፈለት ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ እንደ ሆነ አጎትህን ጠይቀው።