በዌልስ ባላገር ስለ አጥቢያ ወሰን ያየነው

ወሰን ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለይ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋራ በሰላም የሚያኖርም እርሱ ነው። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዘመን ስለ ቈየን፥ ከሚቀርበው ክርክር ሁሉ የወሰን ክርክር ምን ያህል ቤተ ሰብ እንዳፈረሰ እናውቃለን። ለአንድ ክንድ መሬት ሲሉ ወንድማማቾች በሰርግና በልቅሶ ሳይገናኙ ሲኖሩ አይተናል። የሁለት ሰው ወሰን እንዲህ ከከበደ የመንደርና የመንደር ወሰን ምን ያህል ይከብድ ይሆን? ስለዚህ ወደ ብሪታንያ ለመሄድ ዕድል ባገኘን ጊዜ፥ ዌልስ በሚባለው ክፍል ሕዝቡ የአጥቢያውን ወሰን እንዴት እንደሚያድስ ለማየት ወደ ባላገሩ ወጣን። ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጉዟችንን የጀመርነው ሽሩስበሪ ከምትባለው የእንግሊዝ ከተማ በባቡር ነው። ባቡሩ ትንሽ ነው፤ በአያሌው ጣቢያም የሚቆመው ተሳፋሪው እጁን ሲያነሣለት ወይም ወራጁ አስቀድሞ ለተቈጣጣሪው ሲነግረው ብቻ ነው። ናይተን ወደምትባል ከተማ በደረስን ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተመለከትን። ከተማዪቱ በዌልስ ውስጥ ናት፤ የባቡር ጣቢያዋ ግን በእንግሊዝ መሬት ላይ ነው። የዌልስ ሰዎች በቋንቋቸው የሚጠሯት ስም በካቡ ላይ ያለች ከተማ ማለት ነው። ካቡም ከ757 እስከ 796 በመርሲያ የነገሠው ንጉሥ ኦፋ አሠራው የሚባለው ረዥም የአፈር ካብና ቦይ ነው። ንጉሡ ካለፈ ከ1,200 ዓመት በላይ ሆነ፤ ካቡ ግን ዛሬም በኮረብታው ላይ ይታያል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሐዲድ የዘረጉት መሐንዲሶች ለሥራቸው የተመቸውን ስፍራ ፈለጉ እንጂ ወሰኑን አልተከተሉም። ከዚህ የተነሣ የናይተን ሰው ባቡር ለመሳፈር በእግሩ ወደ እንግሊዝ ይሻገራል፤ ማንም ግን ልብ አይለውም። ወሰን በካርታ ላይ እጅግ የበረታ ቢመስልም ሰው በየዕለቱ ኑሮው እንደሚያልፈው ከዚህ ተረዳን።

ናይተን ያለችበት አውራጃ ፖዊስ ይባላል። ስፋቱ ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይህም የዌልስ ምድር ሩብ ያህል ነው። ሕዝቡ ግን በ2021 በተደረገው ቈጠራ 133,000 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ዐይን እስከሚያይ ድረስ አረንጓዴ ኮረብታ፥ የቍጥቋጦ አጥርና የበግ መንጋ ነው፤ በጉም ከሰው እጅግ ይበዛል። አውራጃው በ1974 ከቀድሞዎቹ ከሞንትጎመሪ፥ ከራድነርና ከብሬክኖክ አውራጃዎች ተጣምሮ የተሠራ ሲሆን፥ የአስተዳደሩ መቀመጫ ላንድሪንዶድ ናት። ይህች ከተማ ቀድሞ ሰዎች ማዕድን ያለበትን ውሃዋን ለፈውስ ሊጠጡ ከሩቅ ይመጡባት የነበረች ናት።

ይህ ሰፊ አውራጃ ከ100 በሚበልጡ አጥቢያዎች ተከፍሏል። አጥቢያ ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዌልስ የብዙ መንደር ስም ላን በሚል ቃል ይጀምራል፤ ትርጓሜውም በመጀመሪያ የታጠረ ስፍራ፥ ኋላም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚጠመቅበትና የሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ያውቅ ነበር፤ የአስተዳደሩም ወሰን ከዚያ ወጣ። በ1894 በወጣ ሕግ የባላገሩ አጥቢያ የራሱን ጉባኤ እንዲመርጥ ተደረገ። በ1920 ቤተ ክርስቲያን በዌልስ ከመንግሥት ተለየች። በ1974ም የመንግሥቱ አጥቢያ ስሙ ተለውጦ በአገሩ ቋንቋ ማኅበር እንደ ማለት ያለ ስም ተሰጠው። ስሙ ይለወጥ እንጂ ብዙው ወሰን የጥንቱ ነው።

የአጥቢያው ጉባኤ ሥልጣኑ ትንሽ ቢሆንም ሥራው ከቤት ደጃፍ አይርቅም። የመቃብር ቦታ፥ የልጆች መጫወቻ ሜዳ፥ የእግር መንገድ፥ የመንገድ መብራት፥ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፥ በጦርነት ለሞቱት የቆመ ሐውልት፥ ይህን የመሰለውን ሁሉ ይጠብቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብም በቤት ግብር ላይ ተጨምሮ ከአጥቢያው ሰው ይሰበሰባል። ስለዚህ መስመሩ በአንድ ቤት በስተ ቀኝ ወይም በስተ ግራ ማለፉ፥ ባለቤቱ ለማን እንደሚከፍልና ማንን እንደሚመርጥ ይወስናል።

ካርታ ባልነበረበት ዘመን ወሰን የሚጠበቀው በእግርና በትዝታ ነበር። ከዕርገት በዓል በፊት ባሉት የምሕላ ቀኖች ቄሱና ሽማግሌዎቹ ልጆችን አስከትለው ወሰኑን ይዞሩ ነበር። ከወሰኑ ድንጋይና ከትልቁ ዛፍ ሲደርሱ ጸሎት ይደረጋል፤ ልጁም ስፍራውን እስኪያረጅ ድረስ እንዳይረሳው በድንጋዩ ላይ ያጋጩት ወይም በአለንጋ ሸንቆጥ ያደርጉት ነበር። የጎረቤቱን የወሰን ምልክት የሚያነሣን ሰው የሚረግመው የኦሪት ቃልም በጾማቸው መጀመሪያ ቀን በቤተ ክርስቲያን ይነበብ ነበር። በኋላ በ1836 አሥራት በዐይነት መክፈል ቀርቶ በገንዘብ እንዲሆን ሕግ በመውጣቱ ለብዙው አጥቢያ ካርታ ተነሣ። በ1841 በወጣው ሕግ ደግሞ የመንግሥት ካርታ አንሺዎች ወሰኑን ሲጽፉ፥ በየአጥቢያው ወሰን የሚያውቅ የአገር ሰው ተመርጦ እየመራ እንዲያሳያቸው ተደረገ። ዛሬ በወረቀት ላይ ቀጥኖ የሚታየው መስመር እንግዲህ የእነዚያ ባላገሮች እግር የረገጠው መንገድ ነው።

ታዲያ እንዲህ ተጠንቅቆ የተጠበቀን ወሰን መለወጥ ለምን አስፈለገ? መሬቱ ባይንቀሳቀስም ሰው ይንቀሳቀሳልና ነው። በዚሁ አውራጃ በኤላን ሸለቆ ከ1893 እስከ 1904 ለበርሚንግሃም ከተማ መጠጥ የሚሆን ውሃ ለማጠራቀም ታላላቅ ግድቦች ተሠርተው፥ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር በውሃ ተውጧል። እንዲሁም ቢልዝ የምትባለውን ከተማ ከላነልወዝ መንደር የሚለየው የዋይ ወንዝ ነው። ቀድሞ ወንዙ የሁለት አውራጃ ወሰን ስለ ነበረ አንዲቱ የብሬክኖክ፥ ሁለተኛይቱ የራድነር ነበሩ። ከ1974 ወዲህ ሁለቱም በአንድ አውራጃ ውስጥ ናቸው፤ ነገር ግን አጥቢያቸው ዛሬም ሁለት ነው። ከ1963 ጀምሮ የዌልስ ገበሬ ሁሉ ከብቱንና በጉን የሚያሳይበት ታላቅ ዐውደ ርእይ የሚደረገው በላነልወዝ ሜዳ ነው፤ እንግዳው ግን ድልድዩን ተሻግሮ በቢልዝ ገበያ ይገበያያል። በሌላም ስፍራ መንደር እየሰፋ ሄዶ አዲሶቹ ቤቶች ከወሰኑ ማዶ ይሠራሉ፤ የአንድ መንገድ ልጆች በሁለት አጥቢያ ይቈጠራሉ።

ስለዚህ በ2013 በዌልስ በወጣው ሕግ የየአውራጃው ምክር ቤት የአጥቢያዎቹን ወሰን እየተከታተለ፥ በየ10 ዓመቱ የሠራውን በጽሑፍ እንዲገልጽ ታዘዘ። ወሰን ሲመረመር ሐሳቡ ከካርታ ጋራ ለሕዝብ ይገለጣል፤ ሰው ሁሉ አስተያየቱን እንዲያቀርብ ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ አስተያየቱን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። የውሳኔውም ሚዛን አስተዳደሩ የሚሠራና ለሕዝቡ የሚመች መሆኑ ነው።

ሕጉን ማንበብ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ሰዉን ለማየት ፈለግን። ስሟን በማንጠቅሳት በአንዲት መንደር፥ የወሰኑ ሐሳብ ለሰው በሚታይበት ቀን ወደ አዳራሹ ገባን። የአጥቢያው ጉባኤ ጸሐፊ ካርታውን በረዥም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፥ በአንድ ወገን ሻይና ኬክ አሰናድተው ሰውን ይቀበሉ ነበር። ጸሐፊ መሆናችንን በነገርናቸው ጊዜ እጅግ ደስ ብሏቸው፥ «እንግዲያስ ሥራችን አንድ ነው፤ እኛ አንፈርድም፥ የተባለውን ግን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን» አሉን። አሮጌው ወሰን በትንሽ ወንዝ ላይ የሚሄድ ነበር፤ የታሰበው አዲሱ ወሰን ግን ትልቁን የመኪና መንገድ እንዲከተል ነው። እንዲህ ሲሆን ከወንዙ ማዶ የተሠሩት አዲሶቹ ቤቶች ወደ መንደሪቱ ይገባሉ፤ ከትልቁ መንገድ ማዶ በቀረች በአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር ያሉ ጥቂት አሮጌ ቤቶች ደግሞ ወደ ጎረቤቱ አጥቢያ ይሄዳሉ። በካርታው ላይ ሲታይ ልክና ቀጥ ያለ ነገር ነው።

አስቀድሞ የተናገረ ከአዲሶቹ ቤቶች የመጣ አንድ ወጣት አባት ነበር። «ልጆቼ የሚማሩት እዚህ፥ የሚጫወቱት እዚህ ነው። ግብሬ ግን የሚሄደው እግሬ ረግጦት ወደማያውቅ አጥቢያ ነው። የምንኖርበትን መንደር ጉባኤ ለመምረጥ እንዳንችል ያደረገን ይህ ወንዝ ነው» አለ። ቃሉ እውነት ነበር፤ የሰሙትም ሁሉ ተስማሙለት።

ከእርሱ ቀጥሎ አንዲት ያረጁ ሴት ወይዘሮ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ቤታቸው በዚያች ጠባብ መንገድ ዳር ነው። ካርታውን ብዙ ከተመለከቱ በኋላ ስለ ግብርም ስለ ምርጫም አልጠየቁም። «ባለቤቴ የተቀበረው ጉባኤው በሚጠብቀው በዚህ በኮረብታው መቃብር ነው። በዚያ የሚቀበር የሌላ አጥቢያ ሰው የበለጠ ዋጋ እንደሚከፍል አውቃለሁ። እንግዲህ እኔ ከቤቴ ሳልወጣ የሌላ አጥቢያ ሰው ልሆን ነውን? ስሞትስ ልጆቼ ከአባታቸው አጠገብ ሊያሳርፉኝ እንደ እንግዳ ይከፍሉልኛልን?» አሉ። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቀድሞ የተናገረው ወጣትም ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ዐንገቱን ደፋ፤ የእርሱ ደስታ የእርሳቸው ሐዘን እንዲሆን አስቦ አልነበረምና። ጸሐፊው ግን «ይህን አላየነውም ነበር፤ እንደ ተናገሩት አድርጌ እጽፈዋለሁ» ብለው ብዕራቸውን አነሡ። ጽፈውም ሲጨርሱ ቃሉን መልሰው አነበቡላቸው።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ በግ አርቢ ወሰኑን በእግራችን እንድናየው መሩን። ከቍጥቋጦው ሥር ያለውን አሮጌ ድንጋይ እያሳዩ አያታቸው ለአባታቸው፥ አባታቸውም ለእርሳቸው እንዳሳዩአቸው ነገሩን። ከጠባቧ መንገድ በደረስን ጊዜ ቆመው፥ «ካርታው ይህች መንገድ ወደ ጎረቤቱ አጥቢያ እንደምትወስድ ያሳያል። ነገር ግን በክረምት በዚያ በኩል ያለው ዝቅተኛ ስፍራ ውሃ ይሞላዋል፤ እነዚህ ሰዎች ሐኪምም ሆነ ዳቦ የሚያገኙት በእኛ መንደር በኩል ብቻ ነው» አሉን። ይህ ነገር በአዳራሹ አልተነገረም ነበር። ወደ ጸሐፊው ተመልሰን ብንነግራቸው፥ ሽማግሌውን ራሳቸውን አስጠርተው ቃላቸውን በመዝገቡ ላይ ጨመሩት። ከዚያም ወጣቱ አባት ከወይዘሮዋ ጋራ ሆኖ በአንድ ወረቀት ላይ ፈረመ፤ ልመናቸውም አዲሶቹ ቤቶች ወደ መንደሪቱ እንዲገቡ፥ የጠባቧ መንገድ ቤቶችም በነበሩበት እንዲቀሩ ነው። እንዲህ ያለው መስመር በካርታ ላይ ሲታይ ጠማማ ነው፤ ለሰዎቹ ኑሮ ግን የቀና ነው።

እኛ ከዚያ የተነሣነው ውሳኔው ሳይሰጥ ነው፤ ምን እንደሚፈረድ የባለ ሥልጣኖቹ ፋንታ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ተምረን ተመለስን። ፊተኛው፥ ወሰን የሚያድስ ሹም ካርታውን ከመሳሉ በፊት በስፍራው በእግሩ መሄድና ሽማግሌዎቹን መስማት እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፥ ሰው ወሰንን የሚያውቀው በግብር ብቻ ሳይሆን በመቃብሩና በልጆቹ ትምህርት ቤት፥ በክረምት በሚሄድበት መንገድም ስለ ሆነ፥ እነዚህ ሁሉ አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። ሦስተኛው የእኛው የጸሐፊዎች ነው፤ የደካማው ቃል እንደ ኀይለኛው ቃል በሙሉ ካልተጻፈ፥ ፈራጁ ምንም ቅን ቢሆን ሊያየው አይችልም።

ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶችም አንድ ምክር እንጨምራለን። በአገራችንም እንደ ሌላው ስፍራ የወሰን ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ በሰላም ቀን ልጆቻችሁን ከጎረቤት ልጆች ጋራ ይዛችሁ ወጥታችሁ ድንጋዩንና ዛፉን በአንድነት አሳዩአቸው፤ ያዩትንም አጽፋችሁ አስቀምጡላቸው። ሁለት ወገን አብሮ ያየውን ወሰን ኋላ መካድ አስቸጋሪ ነውና።