የቀሐ መንገድ ወደ ጣና

ጎንደርን ሁለት ወንዞች አቅፈዋታል። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሐ ይወርዳል። ሁለቱም ከከተማዋ በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ይነሣሉ፤ የነገሥታቱ ግንቦች የቆሙበትን ተረተር ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዱና ከከተማዋ ግርጌ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ውኃቸው ከመገጭ ጋር ተቀላቅሎ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ካርታ ላይ ለሚያየው አጭር መንገድ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ የጣና ወለል 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። ቀሐ ይህችን ቁልቁለት ሲወርድ ግን የአራት ምዕት ዓመት ታሪክ ያላትን ከተማ ከራስጌ እስከ ግርጌ እየዳሰሰ ያልፋል።

ስለ ግንቦቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወንዙ የተጻፈው ጥቂት ነው። ያለ ወንዙ ደግሞ ግንቦቹ እዚያ ባልቆሙ ነበር። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ኖረዋል። ሠራዊቱ ያረፈበት አገር እንጨቱ ሲያልቅ፣ ሳሩ ሲጋጥ ድንኳን ይነቀላል፣ ጉዞ ይጀመራል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጉ ይህ ልማድ ተለወጠ። ድንጋይና ኖራ እንደ ድንኳን ተጠቅልሎ አይጫንም። ግንብ የሚገነባ ንጉሥ ቤተ መንግሥቱን፣ ካህናቱን፣ ሠራዊቱን፣ ከብቱን ክረምት ከበጋ የሚያጠጣ ውኃ በአቅራቢያው ሊኖረው ይገባል። ተረተሩ ጠላትን አርቆ ለማየት ይመቻል፤ ሁለቱ ወንዞች ደግሞ ሕዝብን ለማኖር ይበቃሉ። ፋሲል ሁለቱንም በአንድ ቦታ አገኙ።

ቀሐ ትንሽ ወንዝ ነው። በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ጎንደር በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ወንዙን የሚመግቡት ተዳፋቶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አፈራቸው ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለውም በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውኃው የመስረግ ጊዜ ሳያገኝ ስም ባላቸውም በሌላቸውም ፈፋዎች ተንደርድሮ ቀሐ ይገባል። ደጋው ላይ ዳመናው ከጠቆረ፣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ደፍርሶ ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ልብሱን ወንዝ ዳር አስጥቶ አይርቅም።

በበጋ ወንዙን በሕይወት የሚያቆየው ሌላ ነው። ክረምት በድንጋዩ ስንጥቅ የሰረገው ውኃ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ በምንጭነት ይወጣል። ከላይ ያለው ተዳፋት ዛፍና ሣር ለብሶ ዝናቡን ገታ አድርጎ ባሰረገ ቁጥር በመጋቢት የሚወርደው ውኃ ይበረክታል። ተዳፋቱ ሲራቆት ደግሞ ክረምቱ ጎርፍ፣ በጋው ደረቅ ይሆናል። የቀሐ ጉዳይ በከተማ ብቻ የማያልቀው ለዚህ ነው። የወንዙ ራስ ያለው ከከተማው በላይ፣ በገበሬው ማሳና በኮረብታው ባሕር ዛፍ መካከል ነው።

ከወንዙ ማዶ በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠሩ። ከከተማው ግርግር ወጣ ብሎ፣ ውኃን ከግርጌው አድርጎ የሚያይ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚህ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አክሟል፤ የእቴጌይቱን ወዳጅነትም አትርፏል። የመጣበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፤ የዓባይን ምንጭ ማየት። በዚያው ዓመት በኅዳር ሰከላ ደርሶ ግሽ ዓባይን አየ፤ ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው ደርሶ ነበር። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍ ቀሐንና አንገረብን በስማቸው ጠቅሷቸዋል፤ ለጎንደር መልክዐ ምድር መግለጫ እንጂ ለዓባይ ታሪክ ብሎ አይደለም።

ይሁንና ቀሐ ራሱ የዓባይ ውኃ ነው። ጣናን በዋናነት የሚመግቡት ወንዞች አራት ናቸው፤ ከደቡብ ግልገል ዓባይ፣ ከምሥራቅ ርብና ጉማራ፣ ከሰሜን መገጭ። ከሐይቁ ወንዝ ሆኖ የሚወጣው ዓባይ የአራቱንም ውኃ ይዞ ነው ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው። ከመገጭ ውኃ ውስጥ ደግሞ የቀሐ ድርሻ አለ። ብሩስ በቁስቋም ሰንብቶ ምንጩን ሩቅ አገር ሲያስብ፣ ከኮረብታው ግርጌ የሚንሿሿው ውኃ እርሱ ወደሚፈልገው ታላቅ ወንዝ እየሄደ ነበር። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። በጎንደር የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዓባይን ስናመሰግን ምንጩን ረሳን። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የጉባው የዓባይ ግድብ ከሚያቁረው ውኃ ውስጥ ከቀሐ ሸለቆ የወረደ አለ፤ ከውኃው ጋር የሚጓዘው ደለልም አለ።

እዚህ ላይ ለመልክዐ ምድር ወዳጅ የሚጥም አንድ ነገር አለ። አንገረብ የሚባሉ ወንዞች ሁለት ናቸው። አንዱ ከጎንደር በታች ቀሐን የሚገናኘው ትንሹ አንገረብ ነው። ሁለተኛው፣ ትልቁ አንገረብ፣ ከዚያው ከሰሜኑ ደጋ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞርና ሱዳን ውስጥ አትባራን ይቀላቀላል። ደጋው የውኃ ጣራ ነው። በደቡቡ ክንፍ የወረደ ዝናብ በእነ ቀሐ በኩል ጣና ይገባል፣ ጎጃምን ይዞራል፣ ካርቱም ይደርሳል። በሌላው ክንፍ የወረደው በትልቁ አንገረብ፣ በጓንግና በተከዜ በኩል አትባራ ይሆናል። ሁለቱ ውኃዎች መልሰው የሚገናኙት ከካርቱም በስተ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአትባራ ከተማ አጠገብ ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዳመና፣ በአንድ ተራራ ላይ የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በረሃ ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ወደ ከተማው እንመለስ። ቀሐ በጎንደር ሰው ዘንድ እጅግ የሚከበርበት ቦታ በፋሲለደስ ስም የሚጠራው ጥምቀተ ባሕር ነው። 50 ሜትር በ30 ሜትር የሚገመተው የድንጋይ ገንዳ በግንብ አጥር ተከቧል፤ በአጥሩ ላይ የበቀሉት የትልልቅ ዛፎች ሥሮች ድንጋዩን ጨብጠው ይዘውታል፤ በአንድ ወገን በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ግንብ ከውኃው በላይ ይታያል። የገንዳው ውኃ የቀሐ ነው። በዓሉ ሊደርስ ሲል ከወንዙ በቦይ ተጠልፎ ይገባል። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው እዚያ ያድራሉ። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቶቹም ከአጥሩና ከዛፉ እየዘለሉ ይገቡበታል። በዓሉ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ጥምቀተ ባሕሩን የሚያካትተው የፋሲል ግቢ ቅርስ ከዚያ አርባ ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ተመዝግቧል። ሕንፃው ተመዝግቧል፣ በዓሉ ተመዝግቧል። ሁለቱን የሚያገናኘው ውኃ ግን ጠባቂም አስጎብኚም የለውም።

ወንዙ የከተማውን ሕዝብ አሰፋፈርም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የሙስሊሞቹ ሰፈር፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው፣ ከተረተሩ በታች በወንዙ አጠገብ ሆነ። እስከ ምጽዋና እስከ ስናር የሚዘልቀውን ንግድ የያዙት ነጋዴዎች፣ ሸማኔውም ቆዳ ፋቂውም እዚያ ኖሩ። ቤተ እስራኤልም የንጽሕና ሕጋቸው መታጠብን ስለሚያዝ መንደራቸውን ከውኃ አያርቁም ነበር፤ ከነሱ መካከል የወጡ ግንበኞች በነገሥታቱ ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። ልዩነቱ በአዋጅ የመጣ ነው፤ ለላይኛውና ለታችኛው ሰፈር የሚደርሰው ውኃ አንድ አይነት አለመሆኑ ግን የቁልቁለቱ ሥራ ነው። ከላይ የሚታጠበው፣ የሚጣለው፣ የሚፈስሰው ሁሉ የሚያልፈው በታችኞቹ ደጅ ነው። ዛሬም ያው ነው።

ዛሬ ቀሐ የከተማው ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ መውረጃ ሆኗል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ሌላው ወንዝ፣ ሽንታም፣ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል በየድልድዩ ሥር ይከማቻል፤ የመጀመሪያው ክረምት ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ከተማውም የጸዳ ይመስለዋል። የሄደው ግን ወደ መገጭ ነው። በትንሹ አንገረብ ላይ ከተማውን እንዲያጠጣ የተሠራው ግድብ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመው፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ማጠራቀሚያውን ሞላው። ለከተማው የመጠጥ ውኃና ለመስኖ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብም ግንባታው ዓመታት ተጓቷል። ሁለት ወንዝ ያቀፋት ከተማ ጀሪካን ተሸክማ ውኃ ትጠብቃለች። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ከወንዞቹ መገናኛ በታች ያለውን ደግሞ ደምቢያ ያውቀዋል። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበታል፤ ክረምት መገጭ ሲሞላ ግን ማሳውን ያጥለቀልቃል። ውኃ የተኛበት ሜዳ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ሲከፈት ይህ ሐዘን ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ኮሌጅ የወጣ ነው። የከተማው ትልቁ የትምህርት ተቋም ከዚህ ውኃ የመጣን በሽታ ለመከላከል ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣ። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ጣና ላይ መጀመሪያ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ በደምቢያ በኩል ያለው የመገጭ መግቢያ ነው። አረሙን የሚያፋፋው በውኃ የሚወርድ ምግብ ነው፤ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና አፈር፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ። የደምቢያ ገበሬ በክንዱ እየነቀለ ከሐይቁ ሲያወጣው፣ ከላይ ያለነው የምናወርድለትን ግን አላቆምንም። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ተመዝግቧል። በክረምት ከሐይቁ ተነሥተው ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዓሣው ሽቅብ ሲወጣ የሚቀበለው ከከተማ የሚወርደው ውኃ ነው።

ይህን ለማቃናት ተአምር አያስፈልግም። በየዓመቱ ጥር ከመግባቱ በፊት የጎንደር ሰው ጥምቀተ ባሕሩን ይጠርጋል፣ ቦዩን ይጠግናል። ያው እጅ ከቦዩ ሽቅብ እስከ ምንጮቹ፣ ከገንዳው ቁልቁል እስከ አንገረብ መገናኛ ቢዘልቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በወንዙ ግራና ቀኝ ግንባታና ቆሻሻ የማይገባበት ዳርቻ ይከልል፤ የከተማውን የጽዳት መኪና ወደ ታችኞቹ ሰፈሮች ከላይኞቹ እኩል ይላክ። የአድባራቱ አለቆች የቅጥራቸውን ዛፍ ጠብቀው እንዳቆዩ ሁሉ የውኃውን ራስ ያስከብሩ፤ የአዲስ ዓለም ሽማግሌዎችም ድምፃቸው በዚህ ምክር ውስጥ ይሰማ። ዩኒቨርሲቲው የቀሐን ውኃ በየወሩ ለክቶ ውጤቱን በአማርኛ ለከተማው ሕዝብ ይንገር። አንባቢም ለጥምቀት ጎንደር ሲወርድ ገንዳው ጋ አይቁም፤ ከአጥሩ ወጥቶ ወንዙን ይይ፣ ያየውንም ለሚመለከተው ሁሉ ይናገር።