ለአራሷም ንገሯት

እዚህ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ላላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ አጥሚት ይዘን አራስ ልንጠይቅ ለምንሮጠው።

«የሕፃኑ የልብ ግራ ክፍል አላደገም» ሲባል መጀመሪያ የምናስበው ከእናቲቱ መደበቅን ነው። አራስ አትደንግጥ! አስተርጓሚውን በር ላይ ጠብቀን «ለእሷ ቀለል አድርገህ ንገራት» የምንልም አለን። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ መርዶም ቢሆን በወጉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው።

ይህ ሕመም ግን ለወግ ጊዜ አይሰጥም። ከተወለዱ በኋላ በተፈጥሮ የሚዘጋ አንድ የደም ቧንቧ አለ፤ የእነዚህ ሕፃናት ሰውነት ደም የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው። ፕሮስታግላንዲን የተባለ መድኃኒት ክፍት አድርጎ ያቆየዋል፤ ወላጆች የሚወስኑት በዚያች ፋታ ውስጥ ነው። ኖርዉድ የሚባለው የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይደረጋል። ግሌን በወራት፣ ፎንታን በዓመታት ውስጥ ይከተላሉ። ሦስቱም የጎደለውን የልብ ክፍል አይተኩም፤ ልጁ ባለው እንዲኖር የደሙን መንገድ ያዞራሉ። የልብ ንቅለ ተከላም አለ። ቀዶ ሕክምናውን ትቶ፣ ሥቃይ እያስታገሱ በእቅፍ ማስታመምም እንደ አንድ ምርጫ ይቀርባል። ይህን ሲሰሙ «ተስፋ ቆረጡብን» ብለው የሚቆጡ ወላጆች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ምርጫው ለሐኪሞቹም ቀላል አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 549 ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ሁለት ዓይነት የኖርዉድ አሠራሮችን አነጻጽሮ ነበር። ያለ ንቅለ ተከላ አንድ ዓመት የደፈኑት በአንደኛው 74 በመቶ፣ በሌላው 64 በመቶ ነበሩ። ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ልዩነቱ ጠበበ።

ብዙዎቻችን ያደግነው ሐኪም ያለውን «እሺ» እያልን ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የልብ ማዕከል ደጅ የቆመ ወላጅ ጥያቄው «ተራችን መቼ ይደርሳል?» ነው። እዚህ ሐኪሙ ዞሮ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ሲል እንደነግጣለን። መልሱን ግን አጎት ወይም እንግሊዝኛ የሚችል የአክስት ልጅ ሊሰጥ አይገባም። ዕድሜ ልክ ልጁን ይዛ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው፣ ወይም የምትቀብረው እናቲቱ ናት። ያልሰማችውን እንዴት ትወስን?

«ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ለስንት ሕፃናት ትሠራላችሁ? ስንቶቹ ኖሩ? ትምህርት ቤት ሲገቡስ እንዴት ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ሌላ ሆስፒታል ያለ ሐኪም አስተያየት መጠየቅም እንዲሁ።

ክርስትናውም ያስጨንቃል፤ አርባና ሰማንያ ቀን እስኪደርስ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ እንዲጠመቅ ትፈቅዳለች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለቄስ ደውሉ፤ ለነርሷም ንገሯት።

ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ሰው ከሌለ በስልክ። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ትልቁን ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ከሐኪሞቹ ጋር የምትነጋገሩበት ስብሰባ አራሷ ከተኛችበት ክፍል ርቆ ከሆነ በጋሪ ወንበር ይውሰዷት።