የዘንጉ ምልክት

የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ፔንስልቬንያ ነው። ካቻምና በኅዳር ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ አባቱ በዱሮ ጠመንጃ አጋዘን ማደን ሲያስተምረው ደረስኩ። እዚያ ከፈረንጆች ገና በኋላ በባልጩት ድንጋይ ለሚተኮሰው ጠመንጃ የተለየ የአደን ወቅት አለ። የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነው። መጀመሪያ ባሩድ ይፈስበታል፣ ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት ይገባል፣ ከዚያ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ድረስ ይገፋል።

እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም። ብዙ ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ፤ በጥይት የተመታ ልጅ ቁስል አጥቤአለሁ። ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ «ኳስ አይበቃውም ወይ?» አልኳት። «እማዬ፣ አባቱም የአባቱም አባት እንዲህ ነው ያደጉት። መጀመሪያ ሄደሽ እዪ» አለችኝ። ሄድኩ።

አማቼ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ የጠየቅሁትን ሁሉ መለሰልኝ። የቱቦው ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ ደግሞ 12.45 ገደማ ነው። በመካከል የቀረችውን ክፍተት ቅባት የነካው የጥጥ ጨርቅ ይሞላታል። ጨርቁ ከሳሳ እሳቱ በጎን አልፎ ያቃጥለዋል፣ ጥይቱም አቅጣጫውን ይስታል። ከወፈረ ደግሞ አይወርድም።

ይህን ሲነግረኝ የብርጭቆ ስሪንጅ ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ስሪንጅ ቀቅለን ነበር የምንጠቀመው። ቱቦውና መግፊያው አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍባቸው ነበር፤ የአንዱን ለሌላው ካደረጋችሁ ወይ መድኃኒቱ ወደ ኋላ ያፈስሳል ወይ አልንቀሳቀስም ይላል። ፔኒሲሊን ወግታ ሳታጥብ ያስቀመጠች ነርስ በማግስቱ መግፊያው ደርቆ ተጣብቆ ታገኘዋለች። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንዱን ስታገል ሰብሬ ተቆጥተውኛል።

የጥቁር ባሩድ ነገርም እንደዚያው ነው። 75 በመቶው ጨው ባሩድ የሚሉት ማዕድን ነው፤ 15 በመቶው ከሰል፣ 10 በመቶው ድኝ። ሲተኮስ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው ቱቦው ውስጥ ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ጥቀርሻው ለስላሳ ነው፤ በደረቅ ብርድ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ከተኩስ ወደ ተኩስ በቱቦው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ይሳባል። የሚንጠባጠብ ጨርቅ ደግሞ አይሆንም፤ ቀጣዩን ባሩድ ያበላሻል።

በዘንጉ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። አንዱ ቱቦው ባዶ ሲሆን፣ ሌላው ጥይቱ ባሩዱ ላይ በትክክል ሲቀመጥ ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር እኩል የሚሆን ነው። ጥይቱ መንገድ ላይ ቀርቶ በእሱና በባሩዱ መካከል ክፍተት ካለ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል፤ በልጁ ፊት አጠገብ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ብርዱ ደረቅ ነበር። ልጁ አራት ጊዜ ተኩሶ ጥሩ መታ። ደስታው ነው መሰለኝ፣ መጥረጉን ዘለለው። አምስተኛውን ሲያጎርስ ዘንጉ እምቢ አለው፤ ገፋ፣ ገፋና «ደረሰ» ብሎ የመለኮሻውን ባሩድ ሊያነሳ እጁን ሰደደ። አባቱ ወደ ዒላማው እያየ ነበር። እኔ የማየው ዘንጉን ነበር። መስመሩ ከአፈሙዙ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል።

«ቁም!» አልኩ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ማለት አልመጣልኝም።

ልጁ ደነገጠ። «አያቴ፣ አትፍራ» አለኝ፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። አባቱ መስመሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አልጮኸበትም። ጠመንጃውን ተቀብሎ አፈሙዙን ከሁላችንም አዞረ፣ በጎን ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ አስገብቶ ባሩዱን አራሰው፣ ከዚያ ዘንጉ ላይ ቡሽ መንቀያ የመሰለ ብረት ገጥሞ ጥይቱን ጎትቶ አወጣው። ሩብ ሰዓት ሳይፈጅበት አልቀረም። ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ግድግዳችሁ ላይ የቅድመ አያት ነፍጥ የሰቀላችሁ ካላችሁ፣ ባዶ ነው ብላችሁ ልጅ አታስነኩ። በደረቅ ቦታ የቆየ ጥቁር ባሩድ መቶ ዓመት አልፎትም ይነዳል፤ የጎረሰ ነፍጥ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት አያስታውቅም። የሚያውቅ ሰው በዘንግ ለክቶ ያረጋግጥላችሁ።

ማታ ቤት ስንገባ ጠመንጃው መታጠብ ነበረበት፤ ጥቀርሻው እርጥበት ስለሚስብ ሳይታጠብ ካደረ ብረቱን ያዝገዋል። የሚታጠበው በሙቅ ውሃና በሳሙና ነው። ውሃውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጨርቅ አስገብቶ ሳበ፣ ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ። «በቃ?» አለኝ። ጨርቁን አሳይተኝ አልኩት። ገና ግራጫ ነበር። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አስደገምኩት፤ ስምንት ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ አደረቀው፣ ዘይት ቀባው።

በአደኑ ቀን እኔ ቤት ቀረሁ። አመሻሹ ላይ አጋዘን ሳይዙ ተመለሱ። ልጁ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ዘንጉን ይዞ ወደ ማድ ቤት መጣና መስመሩን በጣቱ እያሳየ «አያቴ፣ ሁልጊዜ አየሁት» አለኝ። ውሃው ምድጃ ላይ ነበር።